መርፌው ይቅደም

ወዳጃችን ከአሜሪካ ሲመለስ ያመጣልንን ሸክላ ማጫወቻ ሳሎናችን ውስጥ ያቆምንበት ምሽት አይረሳንም። ያገለገለ ቢሆንም ዋጋው ውድ፣ ሳህኑ ከባድ፣ አሠራሩ የሚያስደንቅ መሣሪያ ነበር። 220 ቮልቱን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝተን፣ ከአባታችን የወረስነውን ባለ 45 ዙር ሸክላ አስቀመጥንበት። ታዲያ የዘፋኟ ድምፅ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ መስሎ፣ እየተጎተተ ወጣ። ቺንጋው ረግቦ ነው ብለን አዲስ አስመጣን፤ ለውጥ የለም። ሽቦው ነው ያሉንም ነበሩ፤ እሱንም ገዛን። (ስንት እንዳወጣንበት ባንናገር ይሻላል።)

ምክንያቱ ግን የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነበር። ትራንስፎርመር ቮልቴጅን ይለውጣል እንጂ ድግግሞሽን አይነካም። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መስመር ድግግሞሽ 60 ሄርዝ፣ የእኛ ደግሞ 50 ሄርዝ ነው፤ የዚያ ማጫወቻ ሞተርም ፍጥነቱን የሚወስደው ከመስመሩ ድግግሞሽ ነው። ስለዚህ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የነበረበት ሳህን 37.5 ዞረ፤ ድምፁም ሦስት ግማሽ ቃና ያህል ወረደ። የሚገርመው ቅኝቱ አለመለወጡ ነው፤ ድምፆቹ ሁሉ በአንድ ምጣኔ ስለወረዱ፣ በትዝታ የተዜመው ዘፈን በትዝታነቱ ጸና። መድኃኒቱ በቶርኖ ቤት የተሠራ፣ ዲያሜትሩ በአንድ አምስተኛ የጨመረ ፑሌጃ ሆነ። ፍጥነቱን ያረጋገጥነው 133 መስመሮች ባተምንበት ክብ ወረቀት ነው፤ በሴኮንድ 100 ጊዜ በሚርገበገበው የድሮ ፍሎረሰንት መብራት ሥር መስመሮቹ የቆሙ ሲመስሉ ፍጥነቱ ልክ ነው ለማለት ይበቃል።

ይህን የምናነሳው፣ ሸክላ በዓለም ዙሪያ እንደገና ተፈላጊ በሆነበት በዚህ ዘመን ብዙዎች ገንዘባቸውን ያለ ቅደም ተከተል ሲያፈሱ ስለምናይ ነው። በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ብር ለመርፌው፣ የመጀመሪያው ሰዓት ደግሞ ለልኬት ይገባል።

የመርፌው የአልማዝ ጫፍ የቦዩን ግድግዳ የሚነካበት ስፋት በማይክሮሜትር የሚለካ ነው። በዚህች ነጥብ ላይ ሁለት ግራም ያህል ክብደት ሲያርፍ የሚፈጠረው ግፊት እጅግ ከፍተኛ ነው። አልማዝም ቢሆን ይበላል፤ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ካገለገለ በኋላ ጠርዝ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ መርፌ ሳይሆን መሮ ነው። ክብደቱን መቀነስ ሸክላውን ያድነዋል የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። ከመጠን በላይ የቀለለ መርፌ ቦዩን በትክክል መከተል ተስኖት ግድግዳውን ይደበድባል። አምራቹ ያዘዘውን ክብደት በትንሽ ሚዛን ለክቶ መስጠት ነው የሚሻለው።

አደጋው የሚከፋው መርፌው ወደ ሸክላው መሐል ሲጠጋ ነው። በባለ 33⅓ ዙር ትልቅ ሸክላ ዳር ላይ ቦዩ በመርፌው ሥር በሴኮንድ 51 ሳንቲ ሜትር ያህል ያልፋል፤ ማብቂያው አካባቢ ግን 21 ብቻ። በዳር 51 ማይክሮሜትር ርዝመት የነበረው የ10,000 ሄርዝ ሞገድ፣ በማብቂያው በ21 ማይክሮሜትር ውስጥ ይታጨቃል። ያረጀ ወይም ማዕዘኑ የተዛባ መርፌ እዚህ ጥበት ውስጥ መግባት ስለሚያቅተው የሞገዱን ጫፎች ይልጣል።

የክንዱና የካርትሪጁ መስማማትም አለ፤ የጋራ ርግብግቢታቸው ከ8 እስከ 12 ሄርዝ ቢሆን ይመረጣል። ለውሃ ልክማ ምክር አያሻም። ሳህን፣ ክንድና ማጉያ መቀየር ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሸክላ ከሲዲ ይበልጣል እያልን አይደለም፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ባለው ርቀት ሲዲ ይበልጠዋል። ነገር ግን አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከመሠረተ ወዲህ በሸክላ ከታተሙት ዘፈኖቻችን ሁሉም በሲዲ አልወጡም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ብዙዎቹን ታድጓል፤ የቀረው ግን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ኮምፒውተር ላይ ከመገልበጡ በፊት ባረጀ መርፌ የተላጠውን ደግሞ የትኛውም ማጉያ አይመልሰውም።

የአባታችንን ሸክላ ዛሬ በትክክለኛው ፍጥነትና በአዲስ መርፌ እንሰማዋለን። ዘፋኟ ወደ ራሷ ድምፅ ተመልሳለች። በመጨረሻው ስንኝ ላይ ግን ቀድሞ ያልነበረ ሻካራ ፉጨት አለ። ቺንጋና ሽቦ ስንቀያይር በከረምንባቸው ሳምንታት፣ ማጫወቻው ይዞት በመጣው አሮጌ መርፌ ያንኑ ዘፈን ደግመን ደጋግመን ስንሞክርበት ነበር።