ደቻቱን ሲሻገር ትንፋሹ የሚያጥረው ሰው

ድሬዳዋን ለሁለት ከፍሎ ከዚራንና መጋላን የሚለያየው ደቻቱ፥ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለበት የአሸዋ ሜዳ ነው። ይኸው ደረቅ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ማለቂያ፥ በሌሊት ከደጋው በወረደ ጎርፍ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ፈጅቷል። የዛሬው ነገራችን ግን ስለ ጎርፍ ሳይሆን፥ ደረቅነቱ ስለሚያዘናጋ አንድ ሳል ነው።

ከመጋላ ተነሥቶ ከዚራ ወዳለው መሥሪያ ቤቱ አሸዋውን አቋርጦ የሚሄድ አንድ ወጣት ጸሐፊ እናስብ። ባለፈው ወር ሳያርፍ ይሻገር ነበር፤ ባለፈው ሳምንት መካከል ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ቆመ፤ ዛሬ ሦስት ጊዜ ቆመ። አክታ የሌለው ሳል ይስለዋል፤ ያተኩሰዋልም። ጎረቤቱ «አቧራው ነው» ይለዋል፤ ባልንጀራው «ብርድ መትቶህ ነው» ይለዋል። የዚህ ሰው የበሽታ መከላከያ ኃይል የደከመ እንደ ሆነ ግን፥ ሕመሙ አቧራም ብርድም ላይሆን ይችላል።

ሐኪሞች ኒዩሞሲስቲስ የሚሉት ረቂቅ ፈንገስ አለ። በትንፋሽ የሚተላለፍ ሲሆን፥ ብዙዎቻችንን ገና በሕፃንነታችን አግኝቶናል፤ ጤነኛ ሰውነት ስለሚቋቋመው ሳናውቀው ያልፋል። የሰውነት ዘበኛ ሲደክም ግን የሳንባን የአየር ከረጢቶች ይሞላና ኦክሲጅን ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። በ1973 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ አምስት ወጣቶች በዚህ የሳንባ ምች መያዛቸው በተጻፈ ጊዜ፥ በኋላ ኤድስ የተባለው ደዌ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ተገለጠ። በአገራችንም የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ፈንገሱ የሚያጠቃው በኤች አይ ቪ የተያዙትን ብቻ አይደለም። የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ፥ ኩላሊት የተተከለላቸው፥ ፕሬድኒሶሎንን በብዛት ለረጅም ጊዜ የሚውጡም ሊጠነቀቁት ይገባል።

በአገራችን ሳል ሲቆይ አስቀድሞ የሚታሰበው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ማሰቡም ተገቢ ነው። ነገር ግን በአክታው ነቀርሳ ያልታየበት ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ እንዲህ ያሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማንን ሳንባ በመሣሪያ የመረመሩ ሐኪሞች ይህንኑ ፈንገስ አግኝተዋል። እንግዲህ ምልክቱ ምንድን ነው ቢባል፥ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር፥ ደረቅ ሳልና ትኩሳት ነው። ሐኪሙ ደረትን ሲያዳምጥ ሳንባው ደኅና ሊመስል፥ ራጁም በመጀመሪያ ላይ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። በሽተኛው ጥቂት ተራምዶ በጣቱ ላይ በሚሰካው መሣሪያ ኦክሲጅኑ ሲለካ ግን፥ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ደረትህ ደኅና ነው» መባል ብቻውን ሊያዘናጋን አይገባም።

እኛ የምናዝነው መድኃኒቱ የታወቀ ሆኖ ሳለ ሰው በመዘግየቱ ሲሞት ነው። ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ብዙ ዋጋ የማይጠይቅ እንክብል፥ የመከላከያ ኃይላቸው በጣም የደከመ ሰዎች ሐኪም አዞላቸው በየጊዜው ሲወስዱት ሕመሙን ይከላከላል፤ ለያዘውም በብዛት፥ አብዛኛውን ጊዜ ለ21 ቀን ይሰጣል። የኤች አይ ቪ መድኃኒትም በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መታደል ጀምሯል። ታዲያ የሚያዘገየን ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ከመድኃኒት እጥረት ይልቅ ኀፍረት ነው። በሽተኛው መያዙን ወይም የሚወስደውን መድኃኒት ከሐኪሙ ይሰውራል፤ ሐኪሙም ያልተነገረውን ሊያስብ ያስቸግረዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለዚህ ነው።

ኀፍረቱን የሚፈጥረው ግን በሽተኛው ብቻ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የምናንሾካሹከው እኛም ነን። የክፍል ሹም የሆነ ወጣት፥ የሥራ ጓደኛው ፈቃድ ሲጠይቀው ምክንያቱን እየበረበረ ከሚያሳፍረው፥ ቶሎ ፈቅዶ ቢሸኘው ሕይወት ያተርፋል። ተማሪም ባልንጀራው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ሲያጥረው ካየ፥ ከመሳቅ ይልቅ እስከ ሐኪም ቤት ቢያደርሰው የተማረው ትምህርት ፍሬ አፈራ ማለት ነው።

ትናንት በአንድ ትንፋሽ የተሻገረውን ደቻቱን ዛሬ እየቆመ የሚሻገር ሰው ብናይ፥ አቧራውን ወቅሰን አንለፈው። ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ሐኪሙም ፊት ምንም አይሸሽግ።