ለተመለሰ ሰው ሥራ ስጡት

በዚህ ሳምንት ከውጭ ለተመለስን ባለሙያዎች አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በተጠራ ስብሰባ ላይ ዋልኩ። ጠዋቱን ሙሉ የተነገረን ስለ ውጭ ምንዛሪ ሒሳብ፣ ስለ ቦንድና ስለ አፓርታማ ግዢ ነው። «ሙያችሁ ምንድን ነው? የት ብትመደቡ ትጠቅማላችሁ?» ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጠችው ነርስ ኩላሊት እጥበት ላይ ለዓመታት የሠራች ናት። ለእጥበት የሚሆን ገንዘብ በየመንገዱ በሚለመንበት ከተማ እንዲህ ያለች ባለሙያ ስለ ቅድመ ክፍያ ስታዳምጥ መዋሏ አናዶኛል። ንዴቱ ዛሬም አልለቀቀኝም።

የዓምዱ ደንበኞች ይህ የቆየ ጠቤ መሆኑን ያውቃሉ። ከውጭ የመጣ ሰው የሚመዘነው ባስገባው ዶላር ነው፤ እጁና ጭንቅላቱ ከቁጥር አይገቡም። ሕጉ እንኳ ከዚህ የተሻለ ያስባል። የቢጫ ካርዱ አዋጅ፣ ቁጥር 270/1994፣ የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ተቀጥሮ እንዲሠራ ፈቅዷል። መምረጥና መመረጥን፣ በመከላከያ፣ በጸጥታ፣ በውጭ ጉዳይና በመሰል የፖለቲካ መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት መቀጠርን ከልክሏል፤ ከዚያ ውጭ ያለው በር ክፍት ነው። የጠፋው በበሩ ቆሞ «ግባ፣ ሥራው ይኸውልህ» የሚል ሰው ነው።

በዚህ ነገር የጥንቶቹ ይበልጡናል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ገና ሕፃን ሳሉ እንግሊዞች ወሰዷቸው። ሕንድ አገር አድገው ሐኪም ሆኑ። ከዐድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ሲገቡ አያታቸው ሰውነታቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው እስከዚህ ድረስ ያውቀዋል፤ እኔ የምወደው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ሐኪም ወርቅነህ በርማ ወደነበረው የእንግሊዝ መንግሥት ሥራቸው ተመለሱ፤ እንደገና መጡ፤ እንደገና ሄዱ። ጠቅልለው የገቡት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ቢመላለሱም አገራቸው ሥራ አልነፈገቻቸውም፦ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መሩ፣ ጨርጨርን አስተዳደሩ፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ተሟገቱ። አውሮፓ ተምረው የተመለሱት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋል። ስለ መንግሥት ገቢና ስለ ንግድ የጻፉ ሰው በጉምሩክ መሾማቸው ዕውቀታቸው ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።

«አገሩ አያሠራም» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ እየሠራ ያለውን ሰው አላያችሁትም። እኔ ስመለስ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው እሱ ነው። ግንባታ ቦታ ላይ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ጎህ ሲቀድ ስደርስ ባሬላ የሚሸከሙት ሴቶች ቀድመውኝ ይገኛሉ። ቦሌ አካባቢ መሠረት ሲቆፈር ፎርማናችን ጋሼ አፈሩን ዘገን አድርገው በመዳፋቸው አሹና፣ «ኢንጂነር፣ ይሄ ኮትቻ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጠርገህ አውጣውና ገረጋንቲ ሙላበት። እዚያ ጥግ ላይ ደግሞ ድሮ ውኃ ያቁር ነበር፤ ጠለቅ አድርገህ አስቆፍር» አሉኝ። የአፈር ምርመራው ውጤት ሲመጣ እሳቸው ያሉትን ነው የደገመው። ጋሼ ያን ሁሉ ያወቁት ከአገራቸው ስላልወጡ፣ ያን ሜዳ ቤት ሳይሠራበት ስለሚያውቁት ነው። ከውጭ ይዘን የመጣነው ሙያ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ተጣምሮ ካልሠራ ምድር አይረግጥም። በየስብሰባው «እኛ ጋ እኮ እንዲህ አይደረግም» እያሉ የሚጀምሩ ወንድሞቼ አንድ ክረምት ጋሼ አጠገብ ይቁሙ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።

ይህን እየጻፍኩ ሐሳቤ አዳራሹ ውስጥ ወዳልነበሩት ሄደ። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች። ከሪያድ፣ ከጅዳ፣ ከቤይሩት እህቶቻችን ከዚያም ወዲህ ሲመለሱ ኖረዋል። የሚያርፉት እኛ ባረፍንበት በቦሌ ነው። የሆቴሉ ጥሪ ግን አይደርሳቸውም። አረብኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ። አልጋ ላይ የዋለ አዛውንት ጀርባው ሳይቆስል ማቆየት ያውቁበታል። የሰፊ ቤተሰብ ወጥ ቤት ብቻቸውን ይዘው ኖረዋል። ይህ ሁሉ ሙያ ነው፤ የሆስፒታሎቻችንና የሆቴሎቻችን ቅጥር ክፍሎች በእጅጉ የሚፈልጉት ሙያ ነው።

አገር ቤት ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ግን «ስንት ይዘሽ መጣሽ?» የሚል ጥያቄ ነው። ወንድም ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ባዶ እጇን የመጣችው ልጅ በሐፍረት ተመልሳ በየመን በኩል ለመሻገር ደላላ ትፈልጋለች። እኛም አዳራሹ ውስጥ የተጠየቅነው ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ልዩነቱ ከፊታችን ውኃና የስም ካርድ መቀመጡ ብቻ ነው። ቤተሰብም መንግሥትም የተመለሰን ሰው በኪሱ ከለካ፣ ኪሱ የጎደለበት ሁሉ ዳግም መሰደዱ አይቀርም።

ስለዚህ ሌላ ስብሰባ የሚጠሩት ሰዎች እንዲህ ያድርጉልን። ሆስፒታሎች፣ ትምህርት ቤቶችና ተቋራጮች ክፍት የሥራ ቦታቸውን ዘርዝረው ይምጡ። ነርሷ ከዚያው ደመወዟንና ምድቧን አውቃ ትውጣ። ከሪያድ የመጣችውም ልጅ ትጠራ፤ የምታውቀውን በሙያ ብቃት ምዘናው፣ በሲኦሲ፣ ተመዝና ወረቀቷን ትያዝ። ዶላር በባንክ በኩል ይመጣል፤ ለእሱ ብሎ ማንም ኑሮውን ነቅሎ መመለስ የለበትም። ሰው የሚመለሰው ሊሠራ ነው።