የዱባይ ኾርና የጣና ታንኳ

በመርካቶ ዱባይ ተራ የሚነግድ ሰው የዚያችን ከተማ ስም በየቀኑ ይጠራል። ዕቃ ለማምጣት ወደ ዴራ ገበያ የተመላለሰውም ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ገበያው የቆመበትን ውኃ ልብ ብሎ የተመለከተው ብዙ አይመስልም። ይኸውም በዐረብኛ ኾር የሚባለው፥ ከባሕር ወደ የብስ የዘለቀው ጠባብ ወሽመጥ ነው። በ1953 ዓ.ም. ገደማ ደለሉ ተጠርጎ ለመርከብ ስለ ተመቸ የከተማይቱ ንግድ በረታ። ሆኖም ራስ አል ኾር የተባለው የወሽመጡ መጨረሻ ለወፎች ተከልሎ ቀረ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በራምሳር ስምምነት መዝገብ ገባ። ዛሬ መንገደኛ በከተማው አጠገብ ፍላሚንጎዎች ሲመገቡ ያያል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጸጥ ያለ ውኃ የንግድ ጠላት አይደለም፤ ራሱም ሲጠበቅ ገበያ ይሆናል።

ባሕር የሌላት ኢትዮጵያም ለዚህ የሚሆን ውኃ አላጣችም። በባሕር ዳር፥ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፥ ጉማሬና ልዩ ልዩ የውኃ ወፍ ይታያል። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ሞተር የለውምና ወፉን አያስበረግግም። ለሥራው የሚያስፈልገውም ትልቅ ሆቴል ብቻ አይደለም፤ በግልጽ የተለጠፈ ዋጋ፥ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ሰደርያ፥ የሩቅ ማሳያ መነጽር፥ እንዲሁም ጉማሬ ከሚውልበት ርቆ መሄድን የሚያውቅ ቀዛፊ ነው። ሰደርያውንና መነጽሩን ማስመጣት ለአስመጪ ነጋዴ እንግዳ ሥራ አይሆንም።

ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ጎብኚን አሳንሷልና ጊዜው አይደለም የሚል ይኖራል። በእርግጥ መንገዱ ሰላም ሳይሆን እንግዳ መጥራት አይገባም። ነገር ግን በ2003 ዓ.ም. አካባቢ በሐይቁ የታየው እምቦጭ ሰላሙን አይጠብቅም፤ ደንገሉም በእርሻና በልቅ ግጦሽ እየተመናመነ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ቢመዘገብም፥ መዝገብ ብቻውን ዳርቻን አይጠብቅም።

ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም፤ ወፉም ማደሪያ ያጣል። ስለዚህ ገንዘቡን በዚህ ሥራ ለማዋል የሚያስብ ነጋዴ፥ ጀልባ ከመግዛቱ አስቀድሞ፥ ደንገሉን ተክለው እንዲጠብቁ ከታንኳ ሠሪዎቹ ጋር ይዋዋል።