የውጭ ርዳታ ሲቋረጥ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ እንደ ሌላው አዲስ አበባ ሁሉ የእድር መዋጮ በየወሩ ይሰበሰባል፤ የውጭ ለጋሽ አይጠበቅም። ብዙዎቹ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ግን ገቢያቸውን ከባሕር ማዶ ሲጠብቁ ኖረዋል። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ ርዳታውን ሲያግድ በከተማም በገጠርም ሥራ ተቋረጠ፤ ሠራተኛ ተሰናበተ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከመብት ሥራ አግዶ ነበር። የአገር ውስጥ ሰጪን ግን አላበረከተም። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ሽሮ፣ ድርጅቶች ነግደው ትርፉን ለዓላማቸው እንዲያውሉ ፈቀደ። መልካም ነው፤ ታዲያ የንግዱ መነሻ ገንዘብ ከየት ይምጣ?

እድሮች በየወሩ ጥቂት ብር ለይተው በሠፈራቸው ለሚሠራ ድርጅት ቢመድቡ ጅምር ይሆናል። ድርጅቱም፣ እንደ እድሩ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳቡን በሠፈሩ ሰው ፊት ያንብብ።