ዕቃና አገልግሎት

በአዲሱ ገበያ ቆመን የሚሸጠውንና የሚገዛውን ብንመለከት፣ ጤፉም ሽንኩርቱም ጨርቁም በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነው። ይህን የኤኮኖሚ መምህራን ዕቃ ይሉታል። በዚያው ገበያ ግን ተሸካሚው ጆንያውን ለማድረስ፣ ባለ ታክሲው መንገደኛውን ወደ ፒያሳ ለመውሰድ ዋጋ ይቀበላሉ። ከፋዩ በእጁ ይዞ የሚገባው ነገር የለም፤ ጉዳዩ ግን ተፈጽሞለታል። ይህም አገልግሎት ይባላል።

ልዩነቱ ቀላል መስሎ ቢታይም ጥቂት ማሰብን ይጠይቃል። ከጉለሌ ሸማኔ የተዘጋጀ ነጠላ የገዛ ሰው የገዛው ዕቃ ነው። ፈትሉን ከቤቱ አምጥቶ የሽመናውን ዋጋ ብቻ የከፈለ ግን የገዛው አገልግሎት ነው። ሸማኔው አንድ፣ መወርወሪያውም አንድ ሲሆን፣ የተሸጠው ነገር ተለያየ ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ሳይሆን ስኮትላንዳዊው አዳም ስሚዝ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1776 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአሽከር ሥራ ወዲያው እንደ ተፈጸመ የሚጠፋ ነው በማለት ከማያፈራ ሥራ ቈጥሮት ነበር። ዳኛውንና ወታደሩንም ከዚሁ ጋር ደምሯቸዋል። ዛሬ ይህ አስተያየት ተትቷል። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚሸጠው ጉዞ ነው፤ ሆኖም እንደ ቡናው ሁሉ የውጭ ምንዛሪ ያስገባል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የተጨማሪ እሴት ታክስም፣ ነጻ ከተደረጉት በቀር፣ በዕቃም በአገልግሎትም ላይ 15 በመቶ ያስከፍላል።

ይሁን እንጂ ስሚዝ ያስተዋለው አንድ ነገር እውነት ነው፤ አገልግሎት አይከማችም። ዛሬ ያልተሸጠ ጤፍ አድሮ ይሸጣል፤ ባዶውን የሄደ የታክሲ ወንበር ግን ለነገ አይተርፍም።

ይህን ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚያጠና ተማሪ፣ ነገ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሊያስበው ይገባል። የመንግሥት ሠራተኛ ለሕዝብ የሚያቀርበው ጤፍ ወይም ጨርቅ አይደለም፤ አገልግሎት ነው። የተበላሸ ዕቃ ለባለ ሱቁ ይመለሳል። «ነገ ተመለስ» የተባለ ባለ ጉዳይ ግን ሥራውን ትቶ የዋለበትን ቀን የሚመልስለት የለም። ስለዚህ ወጣቱ ሠራተኛ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ጉዳይ በሰዓቱ ቢፈጽም፣ ለአገሩ ሀብት እንደ ገበሬውና እንደ ሸማኔው ድርሻውን አዋጣ እንላለን።