ያገለገለ ብስክሌት ለቆቦ ገበያ፦ ከዋጋው በፊት የጎማው ቁጥር ይጠየቅ

እንደሚታወቀው መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን 48 ብር ገደማ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው ተመን ግን ከ101 ብር በላይ ሆነ። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። በመካከሉም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቅቆ የብር አቅም ስለ ወረደ ከውጭ የሚመጣ ጎማና መለዋወጫ ሁሉ ተከትሎ ወጣ። ይህን ለነጋዴ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሆኖም ነጋዴው ስለ ማሽላና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲከራከር ይውላል እንጂ፣ እርሱና ሠራተኞቹ ከቤት እስከ ሱቅ፣ ከሱቅ እስከ መናኸሪያ ለመመላለስ የሚያወጡትን ገንዘብ በመዝገብ ሲያሰፍር ብዙም አይታይም።

ለስሌት እንዲመቸን አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ለአንድ ጉዞ 20 ብር ለባጃጅ ይከፍላል እንበል፤ አንባቢ የራሱን ከተማ ታሪፍ ይተካበት። ደርሶ መልሱ 40 ብር፣ በወር 26 የሥራ ቀን 1,040 ብር፣ በዓመት 12,480 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ሩቡን ለብስክሌት ጥገና ይቀንሱለት፤ 9,360 ብር ይተርፋል። ምሳውን ቤቱ ሄዶ የሚበላ ከሆነ ሒሳቡ እጥፍ ነው። በየቀኑ ሦስት አራት ጊዜ ከእህል ተራ ወደ ሚዛን ቤት፣ ከሚዛን ቤት ወደ ባንክ የሚሯሯጥ ደላላማ የራሱን ቁጥር ቢያወጣው ይደነግጣል።

ይህ ጽሑፍ በቆቦ ላይ ያተኮረው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ብስክሌት ሲነሣ በክልላችን በቅድሚያ የምትጠቀሰው ባሕር ዳር ናት፤ ሜዳ በመሆኗ ተማሪውም ሠራተኛውም ሲጋልብባት የኖረች ከተማ ናት። የደሴ ሰው ለሥራ ብስክሌት ይግዛ የሚል ካለ ግን ደሴን አያውቃትም። ወልድያም ቢሆን ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ከራያ ሜዳ ስንገባ ነገሩ ይለወጣል። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራን፣ በምዕራብ ደጋውን አድርጋ በተንጣለለ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት። ሮቢትም፣ ጎብዬም፣ ወደ ሰሜን ዋጃና አላማጣም ያሉት በዚሁ ሜዳ ነው። በቆቦ ጊራና የመስኖ ልማት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርተው ገበሬም ማሳው ከከተማው ጋር በሜዳ የተገናኘ ነው። እግዚአብሔር ለብስክሌት ያዘጋጀው ቦታ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ፀሐዩን ሳንቆጥር።

ታዲያ ለምን ጥቂት ሰው ብቻ ይጋልባል? የመጀመሪያው ምክንያት ኩራት ነው። ሱቅ ያለው፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው በብስክሌት ሲሄድ ከታየ ከሠረ ይባላል። ብስክሌት የልጅ መጫወቻ፣ ግፋ ቢል የስፖርተኛ ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። ነገር ግን ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ መምጣታቸው ራሱ ዕቃው ምን ያህል ዘመን አብሮን እንደ ኖረ ይመሰክራል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትካፈል የላከችው ሯጮችን ብቻ ሳይሆን ብስክሌተኞችንም ጭምር ነው። በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የተወለደው ደግሞ ከአላማጣ ተራራውን ወጣ ብሎ በማይጨው ነው። የጎረቤት ልጅ ማለት ይቻላል።

ኩራቱን የሰበረው ችግር መሆኑንም አይተናል። በጦርነቱ ጊዜ በትግራይ ነዳጅ ሲጠፋ የመቀሌ ሐኪም፣ መምህርና ነጋዴ በብስክሌት ሲመላለስ ነበር፤ ቀድሞ ብስክሌትና መንፊያ በቤቱ የነበረው ሰው ሥራውን አላቋረጠም። ቆቦም በሐምሌ 2013 እና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ከጦርነቱ መሐል ወድቃለች፤ ባንክ ሲዘጋ፣ መንገድ ሲቋረጥ፣ ነዳጅ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለቆቦ ሰው የሚያስረዳ አያስፈልግም። ሰላም በሆነበት ቀንም ቢሆን ማደያው ደርቆ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ሲቸረቸር የባጃጁ ታሪፍ በዚያው ሰዓት ይለወጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከኩራት የበለጠ ክብደት አለው፤ በበኩሌ ዋናው እርሱ ነው እላለሁ። አሮጌ ብስክሌት ተገዝቶ ሦስት ወር ይሠራል። ከዚያ ጎማው ይፈነዳል፣ ልኩ ይጠፋል፣ ብስክሌቱ ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ባለቤቱም «ሰከንድ ሃንድ አይረባም» ብሎ ላገኘው ሁሉ ያወራል። አልረባ ያለው ግን ብስክሌቱ ሳይሆን የግዢው አደራረግ ነው። ሰው ሲገዛ ቀለሙን ያያል፣ የማርሹን ብዛት ይቆጥራል፣ ዋጋ ይከራከራል። የጎማውን ቁጥር የሚያነብ ግን ከስንት አንድ ነው።

በገበያ «26 ነው» ብሎ ሻጩ የሚምልበት ጎማ አንድ ዓይነት አይደለም። በጎማው ጎን ላይ በጉልህ ከተጻፈው ሌላ በትንንሹ የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 50-559። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው። 26 ተብሎ በነጥብ የተጻፈው፣ ለምሳሌ 26 × 1.95፣ 559 ነው። በክፍልፋይ የተጻፈው 26 × 1 3/8 ግን 590 ነው። የ31 ሚሊ ሜትር ልዩነት ስላለ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ በምንም መንገድ አይሠራም። ባለ 28ቱም እንዲሁ ነው፤ የዱሮዎቹ ከባድ ብስክሌቶች 28 × 1 1/2 የሚለው 635 ሲሆን፣ የአሁኖቹ ቀላል ብስክሌቶች 622 ናቸው። ስለዚህ ገዢ ከዋጋው በፊት ሁለተኛውን ቁጥር አንብቦ፣ በዚያ ቁጥር ጎማ በቆቦ ወይም በወልድያ የሚሸጥ መኖሩን አስቀድሞ ያጣራ። ለሥራ ከሆነ 559ኙን ይምረጡ ባይ ነኝ፤ ተራራ መውጫ የሚባሉት ብስክሌቶች ለብዙ ዓመት በዚህ ልክ ሲሠሩ ስለ ኖሩ ጎማው በቀላሉ ይገኛል። የካላማዳሪው ቫልቮላም እንደ መኪና ወፍራም ቢሆን ይመረጣል፤ የትኛውም ጎሚስታ ይነፋዋል። ቀጭኑ ዓይነት የራሱን መንፊያ ይፈልጋል።

ቀሪው ምርመራ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከመሪው በታች ብረቶቹ የሚገናኙበትን ቦታ በጣት ዳብሱ፤ ስንጥቅ ወይም በቀለም የተሸፈነ ብየዳ ካለ ተዉት። ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩ፤ ቸርኬው ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ማስተካከያ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ይቀነስበት። ፔዳሉ የተያያዘበትን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁ፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው አልቋል። የአዲስ ሰንሰለት 24 መገጣጠሚያ ልክ 12 ኢንች ነው፤ በማስመሪያ ሲለካ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ከረዘመ ሰንሰለት መለወጥ ይበቃል፣ 3 ሚሊ ሜትር ከረዘመ ግን ጥርሱም አብሮ ተበልቷልና ሁለቱን ለመለወጥ አስባችሁ ተከራከሩ።

ለደላሎች አንድ ነገር ልበል። በአብዛኛው ብስክሌት ከፔዳሉ መዞሪያ ሥር፣ ብስክሌቱ ሲገለበጥ የሚታይ የተቀረጸ ቁጥር አለ። የብስክሌት ሽያጭ እንደ ዶሮ ሽያጭ በቃል ማለቁ ሌባውን ጠቅሞታል። ኮሚሽን የሚቀበል ሰው ቁጥሩን፣ የሻጩን መታወቂያና የሁለት ምስክር ስም በአንዲት ወረቀት ላይ ቢያሰፍር ገዢው ያለ ስጋት ይከፍላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። የመኪና ደላላ ያለ ሊብሬ ይሸጣልን?

አያያዙን በተመለከተ «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ይባላል። የራያ ሜዳ የራሱ ጠባይ አለው። አንደኛ የግራር እሾህ። ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ካላማዳሪውን አስለጥፎ መሄድ ብቻ አይበቃም፤ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ጠርጎ እሾኹን ማውጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ልጥፉ ሳይደርቅ ሁለተኛ ይበሳል። ከአሮጌ የሞተር ካላማዳሪ ረጅም ቁራጭ ቆርጦ በጎማውና በካላማዳሪው መካከል ማንጠፍ በጣም ይረዳል፤ ትንሽ ያከብደዋል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። አቧራው ደግሞ ሰንሰለት ጨራሽ ነው። ብዙ ሰው ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምኖ ሰንሰለቱ ላይ ያፈሳል፤ ይህ በቁጠባ ስም ሀብት ማባከን ነው። የተቃጠለ ዘይት የብረት ብናኝ ይዟል፣ አቧራውም ይጣበቅበታል፣ ሁለቱ ተደባልቀው እንደ ሞረድ ጥርሱን ይበሉታል። በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቀጭን ንጹሕ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጎ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ ነው።

ክረምት ሲገባ ዋልካው ሌላ ፈተና ነው። ጭቃው ከጎማውና ከጭቃ መከላከያው መሐል እየገባ ጎማውን እንደ ፍሬን ይይዘዋል፤ በዚያ ወራት መከላከያውን ማውለቅ ወይም ከፍ ማድረግ ይሻላል። ጎርፍ ያሻገሩት ብስክሌት ኩሽኔታው ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ አዲስ ግራሶ ካልተቀባ በወሩ መጮህ ይጀምራል። የፍሬኑ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን እስኪፍቅ የሚጠብቁም አሉ፤ የላስቲኩ ዋጋ ከቸርኬው ጋር አይወዳደርም።

ስለ አደጋውም ዝም ማለት አይገባም። ቆቦ የተዘረጋችው ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ነው፤ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው አይሱዙ በዚያ ሲበርር ለብስክሌተኛ ቦታ አይተውም። በውስጥ ለውስጥ መንገድ መሄድ፣ ከመሸ አለመንዳት፣ ከኋላ አንጸባራቂ መለጠፍ ግዴታ ነው። ትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የተመለከተ የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቷ የብስክሌት መስመር እየቀባች ነው። የቆቦ ዓይነት ከተማ ግን መስመር እስኪቀባላት ከምትጠብቅ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በገበያው፣ በመናኸሪያውና በጤና ተቋማቱ በር ላይ ጥላ ያለው ማቆሚያ ቢተክል ወጪው የጥቂት ብረቶችና የቆርቆሮ ነው። በራያ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የዋለ ጎማ ከመንገዱ ይልቅ በቆመበት ያረጃል።

አሁን ወደ ባለሀብቱ። ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ተጨማሪ ባጃጅ መግዛት ይመኛል፤ ባጃጁ ግን ነዳጅ፣ ሾፌርና መለዋወጫ በየቀኑ ይጠይቃል፣ በፀጥታ ምክንያት እንቅስቃሴ ሲገደብም ቆሞ ይውላል። ከባጃጅ ዋጋ በጣም ባነሰ ካፒታል ከአንድ ነባር ጎሚስታ ጎን የብስክሌት መለዋወጫ መደርደሪያ መክፈት ይቻላል። ልምዱ ያለው እርሱ ነውና ጎሚስታውን የትርፍ ተካፋይ ማድረግ ይበጃል። አሮጌ ብስክሌት ለመሸጥ ያሰበም መጀመሪያ መለዋወጫውን ያስገባ፤ ያለ እርሱ አሥር ብስክሌት ሸጦ አሥር ጠላት ያፈራል። ነጋዴውም ለሠራተኛው የመጓጓዣ አበል ከመክፈል ይልቅ ብስክሌት ገዝቶ ከደመወዙ በየወሩ ቢያስቀር፣ ከዓመት በኋላ ሠራተኛው ንብረት አለው፣ እርሱም ጠዋት በሰዓቱ የሚከፈት መጋዘን አለው።

ለመጀመሪያው ጭነት ከመርካቶ የሚመጣው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ የ559 ጎማና ካላማዳሪ በዛ ተደርጎ፣ የ635ቱ ጥቂት፣ የፍሬን ላስቲክና ሽቦ፣ ሰንሰለት፣ የኩሽኔታ ኳሶች፣ ማስለጠፊያ ሙጫ። ከሰኔ በፊት ቢገባ ይመረጣል፤ ዋልካው ከጀመረ በኋላ የሚጠይቀው ሰው ይበዛል፣ መንገዱም ለጭነት እንደ በጋው አይመችም።