ማሽኑ ብቻውን ወገብ አያቀናም

ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ ጎረቤቴ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ፣ ከሰነፈው እጅና እግራቸው በላይ ያማረራቸው ወገባቸው ነው። ልጆቻቸው ተበድረው ቴንስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ማሽን ገዙላቸው።

«ሲበራ ይለቀኛል፣ ሲጠፋ ይመለሳል» ይላሉ።

አይገርምም። ማሽኑ በቆዳ በኩል ነርቭ እየነካካ ሕመሙን ለጊዜው ያደበዝዛል እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ ጎን አጋድሎ ከመቀመጥ የሚመጣውን ጫና አያነሳም። የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ናይስ በ2016 እ.ኤ.አ. ለወገብ ሕመም ቴንስ እንዳይታዘዝ መክሯል። በደነዘዘው ጎን ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ሳይታወቅ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል።

ወገኖቼ፣ ብሩን አስቀድማችሁ ለፊዚዮቴራፒ አውጡት። አቀማመጥን፣ አነሳስንና እርምጃን የሚያስተካክል ሰው ነው። እሱ «ይጨመር» ካለ ማሽኑ ይከተል። ጋሼን ከአልጋ የሚያነሳቸው ሰው እንጂ ባትሪ አይደለም።